የኋላ ወንበር

«ያዥው እንጂ! ኤቢሴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ጂራ ከፊት ወንበር ሆኖ ጮኸ። ወንበሮቹ የአውሮፕላን አይደሉም፤ የጌም ቤቱ ባለቤት ኦቦ ሂርጳ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ ነቅሎ ፊትና ኋላ ያስተከላቸው ናቸው። አምቦ ውስጥ ጌም ቤት ሞልቷል፤ ሁሉም ጋ ግን ኳስ ነው የሚጫወቱት። የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ጂራ ያበራል፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ኤቢሴ ከኋላው ተቀምጣ ራዳሩንና የኢላማ ካሜራውን ትይዛለች።

«አትጩህብኝ! ገና አልጠራልኝም።»

ራዳሩ ከአርባ ኪሎ ሜትር ርቀት ሦስት መኪኖች አግኝቶላት ነበር። ቦታውን ምልክት አደረገችበትና ሙቀትን በነጭ ወደሚያሳየው ካሜራ ዞረች። በጥቁር መሬት ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። ስታቀርባቸው ነጥቦቹ እጅና እግር አወጡ።

«አንዱ እጁን አንስቷል» አለች እየሳቀች። «ሰላም እያለህ ነው፣ ጂራ!»

«ሰላም በይልኝ! ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ። ልቀቅ!»

ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ሲጠራ ነጥቦቹ የሉም። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ቤቱን በጩኸት አናጉት፤ ጂራም ዞሮ እጇን በእጁ መታ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ በሚደረገው የጌም ቤቶች ውድድር አምቦን ወክለው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ኤቢሴ ይህን ቀን ስትጠብቅ ዓመት ሊሞላት ነው። ከጂራ የሚሻል አብራሪ ምናልባት ይገኝ ይሆናል፤ እሷን የሚያክል የኋላ ወንበር ግን ከአምቦ እስከ አዲስ ዓለም የለም። ይህን የሚለው ኦቦ ሂርጳ ነው፣ እሷም አልተቃወመችውም።

ዞር ስትል መቲ በሩ ላይ ቆማለች።

«የቤቱን ቁልፍ ይዘሽው ሄደሻል» አለች መቲ። ድምፅዋ እንደወትሮው ነው። ዓይኗ ግን ከስክሪኑ አልተነቀለም።

ኤቢሴ መቆጣጠሪያውን አስቀመጠች። ከቤት የምትወጣው «ጥናት አለኝ» እያለች ነው። ከሰው ሁሉ ደግሞ ይህን ማየት ያልነበረባት መቲ ናት።

መቲ የአጎቷ የለሜሳ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ በመንደራቸው ጤፍ ሊያጭዱ ለደቦ የወጡ ሰዎች ላይ ከሰማይ እሳት ወረደ። ሰው የሌለበት፣ ከሩቅ የሚነዳ አውሮፕላን ነው ተባለ። ማን እንደላከው፣ ማንን ፈልጎ እንደመጣም ብዙ ተወራ። ለመቲ የቀራት ነገር ግን አንድ ነው፤ አባቷ ከማሳው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እነ ኤቢሴ ጋ ትኖራለች። ደመና በሆነ ቀን ከሁሉም ቀድማ ትምህርት ቤት ትደርሳለች፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ሆዷን ያማታል። የወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ከሰማች የያዘችውን አስቀምጣ ጆሮዋን ትጥላለች። የኤቢሴ እናት ወይዘሮ ድንቅቱ «አታንሱባት፣ ይረሳታል» ስላለች በቤቱ ውስጥ ነገሩን ማንም አያነሳም። ሆድ ይፍጀው ተብሎ ሁለት ዓመት አለፈ።

ያን ዕለት አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ኤቢሴ ሰበብ ስታወጣና ስታወርድ መንገዱ አለቀ። ራት ለመሥራት ድንች መላጥ ሲጀምሩ ነው መቲ የተናገረችው።

«ኤቢሴ፣ ከላይ ሲታይ... እጅ ይታያል?»

ኤቢሴ ቢላዋዋን አቆመች። «አይታይም። ጌም እኮ ነው፣ መቲ።»

«ትዋሻለሽ። አንዱ እጁን አንስቷል ስትይ ሰምቼሻለሁ።»

ምን ይባላል? መቲ ድንቹን በመዳፏ እያገላበጠች ወደ ኦሮምኛ ዞረች፤ ነገር ሲከብዳት እንዲህ ነው።

«እኔ አውለብልቤለት ነበር።»

«ለማን?»

«ለእሱ። ለደቦው ውኃ ይዤ ስሄድ ድምፁን ሰማሁ። መንገደኛ የሚጭነው መሰለኝ። ልጆች ሁሉ እናውለበልብለት የለ? ‹አውሮፕላን፣ ስትመለስ ከረሜላ አምጣልን› እንላለን። ጀሪካኑን አስቀመጥኩና በሁለት እጄ አውለበለብኩ። ከዚያ መጣ።» ድንቹን በመዳፏ ጨበጠችው። «ባልጠራው ኖሮ ያልፈን ነበር።»

በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ድንቅቱ ከሥራ ገባች። መቲ ወዲያው ድንቿን ትልጥ ጀመር። እናትየው «ምነው ዝም አላችሁ?» ብትል ኤቢሴ ሽንኩርት ልታመጣ ተነሳች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኤቢሴ ሰላም አጣች። በማግስቱ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ሳለ ግቢውን በሙሉ ከላይ ሆና እንደምታየው ታወቃት። የተማሪው ሰልፍ ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ ሆነባት፤ መምህር ጌጤነሽ በረንዳው ላይ አንድ ነጥብ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ሌላ ነጥብ። ዓይኗ ደግሞ በልማዱ ጥቅጥቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ፈራች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትጨፍን ደግሞ ነጥቦቹ እጃቸውን አነሱ። «ሰላም በይልኝ» የሚለው የጂራ ድምፅ፣ የራሷም ሳቅ፣ ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

ለመቲ «አይታይም» ብላ ውሸቷን ብትደግምላት ይቀላት ይሆን? ካልታየ አልጠራችውም ማለት ነው። ግን መቲ ሞኝ አይደለችም። ውሸቱን ዛሬ ብትቀበለው ነገ ደግሞ አንስታ ታገላብጠዋለች። እውነቱን በሚገባ ልትነግራት የምትችል አንድ ሰው ቤት ውስጥ ቢኖር የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ይህን ማወቋ ኤቢሴን አሳፈራት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በችሎታዋ አልኮራችም።

ቅዳሜ ጠዋት ደመና ነበር። ኤቢሴ «ኮቱ፣ ነይ» አለቻትና ወደ ጌም ቤቱ ይዛት ሄደች።

ጂራ መቲን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ። «ዛሬ እኮ የመጨረሻ ልምምዳችን ነው። ስማችንም እስከ ስድስት ሰዓት መላክ አለበት።»

«አውቃለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ማሎ፣ እባክህ ጂራ።»

መቲን በኋላ ወንበር አስቀመጠቻት። የሞተሩ ድምፅ ሲጀምር መቲ ትከሻዋ ተሰበሰበ፤ ኤቢሴ ቶሎ ብላ ድምፁን ዘጋችው። ከዚያ ዝም ባለው ስክሪን ላይ አንድ በአንድ አሳየቻት። ራዳሩ እንዴት እንደሚቃኝ፣ ቦታው እንዴት ምልክት እንደሚደረግበት፣ ካሜራው እንዴት እንደሚዞር። በየደረጃው ሰዓቱን አስነበበቻት።

«እስካሁን ስንት ደቂቃ ሄደ?»

«ስድስት።»

«እታች ያሉት ሰዎች ሰምተውናል?»

መቲ ርቀቱን አየች። «በዚህ ርቀት አይሰሙም።»

«አይሰሙም። አየሽ፣ ምልክቱ ተደርጓል፣ እነሱ ግን ገና አልሰሙም። ያ የናንተው ደግሞ እንደዚህኛው አይደለም። እኔ እንዳነበብኩት ከላይ ሆኖ ብዙ ሰዓት እየዞረ ያያል። ድምፁ የሚሰማው ዝቅ ብሎ ሲበር ነው። አንቺ ድምፁን ሰምተሽ ነው ያውለበለብሽው፣ አይደል?»

«ኤዬ።»

«እንግዲያው ቀድሞ መርጧችኋል። አልጠራሽውም፣ መቲ። ብታውለበልቢም ባታውለበልቢም ይመጣ ነበር።»

ጂራ ነገሩ የገባው አሁን ነው። ጌሙን አቁሞ መሪውን ለቀቀና ወደ ኋላ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

መቲ ነጥቦቹን ትኩር ብላ ታያለች። «ማን ነበር የሚያየን?»

«ሩቅ ቦታ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው።» ኤቢሴ ምራቋን ዋጠች። «እንደኔ።»

«ሳውለበልብስ አይቶኛል?»

ጂራ መቲ ሳታየው ራሱን ነቀነቀ፤ አይ በያት፣ ማለቱ ነው። ኤቢሴ አየችው። «አይ» ማለት ትችል ነበር። ልጅቷ ከጥፋተኝነቷ ነፃ ወጥታለች፣ እዚህ ላይ ቢቆም ማን ይጎዳል? ግን እንዲህ ብትል ያን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ቃል ደብቃ ማሳለፏ ነው፤ ይህን አልፈለገችም።

«ያየሽ ይመስለኛል» አለች።

መቲ አላለቀሰችም። «መተው ይችል ነበር?»

ኤቢሴ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጠቆመቻት። «ይቺን ከተጫንሽ ሁሉም ይሰረዛል። እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ።»

«እና አልተጫነም።»

«አልተጫነም።»

«እንግዲህ እሱ ነው» አለች መቲ፣ ለራሷ እንደምትናገር በዝግታ። «እኔ አይደለሁም። እሱ ነው።» ይህን ጊዜ እንባዋ መጣ። ሁለት ዓመት የታቆረ እንባ ነውና በአንዴ አላባራም። ኤቢሴ አቀፈቻት፤ እሷም አብራ አለቀሰች።

ኦቦ ሂርጳ ስልኩን ይዞ ብቅ አለ። «ልጆች፣ ስም ልልክ ነው። ጂራ በፊት ወንበር፣ ኤቢሴ...» ፊታቸውን አይቶ አቋረጠው። «ምን ሆናችሁ?»

«የኔን ስም አይላኩት፣ ኦቦ ሂርጳ» አለች ኤቢሴ።

«ምን? ዓመት ሙሉ ለፍታችሁ?»

ኤቢሴ ወደ ጂራ አየች። ዓመት ሙሉ የለፋው እሱም ነው፤ ሊጮህባት መብት ነበረው። ጂራ መሬት መሬት እያየ «ሌላ ጊዜ ይሆናል፣ ኦቦ» ብቻ አለ። ሂርጳ ግራ ገብቶት ቆመና ራሱን እየነቀነቀ ወደ በሩ ተመለሰ። ውጪ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ሲያጉረመርሙ ይሰማል።

ጂራ ጌሙን ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። በቆመው ስክሪን ላይ ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው።

«ቆይ» አለች መቲ። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ጣቷን በስክሪኑ ላይ ወደ አንዱ ነጥብ ወሰደች። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ እንደዚህ ጫፍ ላይ ነበር። ማጨድ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከጫፍ ነው።» ጣቷ ወደ ጎን ሄደ። «ኡርጌ ከጎኑ ነበረች፤ እየዘፈነች። ዲንሳ ደግሞ እዚህ። ማጭዱ ደንዞበት እየተሳደበ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህን ስሞች ከአፏ የሰማ የለም። ጂራ እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። ኤቢሴ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከነጥቦቹ ወደ አንዱ ጠቆመች።

«ይሄኛውስ ማነው?» አለቻት።