ያልተቀደደችው እጥፋት

በቀልዴ የምታውቁኝ ሰዎች፣ ዛሬስ አትሳቁ። ይህን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው።

ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኖርዊች፣ ከመጽሐፍ ሱቄ ጀርባ ያለችው ክፍል።

ባለቤቴ ሄስተር ከተቀበረች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር...

ሁለታችንም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የታተሙ አስፈሪ ልብ ወለዶችን እንሰበስብ ነበር። የመጀመሪያ እትም ብቻ። ያኔ አንዳንድ መጽሐፍ ገጾቹ እንደተጣጠፉ፣ ጠርዛቸው እንደተዘጋ ይሸጥ ነበር፤ አንባቢው ነው በቢላ እየቀደደ የሚያነበው። እኛ ሰብሳቢዎች ደግሞ ጉደኞች ነን። ማንም ያላነበበውን እንሳለማለን።

ሄስተር የምትሳሳለት መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አልተገኘለትም። የጥንት ባለቤቱ፣ ፈርቶ ይሁን ሰልችቶት፣ የመጨረሻዋን እጥፋት ሳይቀድዳት ትቷታል።

የታሪኩ መጨረሻ እዚያ ውስጥ ነው።

ሄስተር ታማ አልጋ ላይ ሆና፣ ድምጿ ሲያልቅ...

"ባርኒ... ቅደዳትና አንብብልኝ።"

"ነገ ሻል ሲልሽ።"

"ለኔ ነው ለመጽሐፉ የምትሳሳው?"

ሳቅሁ። የቀለደች መስሎኝ።

ነገ አልነጋላትም።

ያን ሐሙስ መጽሐፉን አነሣሁት። እጥፋት ሳይቀድዱ የሚያዩበት ዘዴ አለን፤ ጫፏን ይዞ እፍ ማለት። ትንፋሽ ሲገባባት ትነፋና በክፍተቷ ውስጡ ትንሽ ይታያል።

እፍ አልኩ...

ኅዳጉ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አለ።

እርሳስ ሊገባበት በማይችል ቦታ!

ወደ ግራ የተጋደመ የእጅ ጽሑፍ። የሄስተር።

"እዚህ ጨለማ ነው። አይነበብልኝም።"

ጎረቤቴን ጊዲየንን ጠራሁት፤ እሱም አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። መነጽሩን አስተካክሎ እፍ አለና አጮለቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንተ... ይሄ ድሮም ነበር?"

"ሠላሳ ዓመት ሳየው አልነበረም።"

"የሷ ነው?"

"የሷ ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቅደድላት!"

ቢላውን አነሣሁ። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

"ከቀደድኳትና ካነበብኩላት... ታሪኩ ያልቃል።"

"ይለቃ!"

"ካለቀ ትሄዳለች፣ ጊዲየን።"

መነጽሩን አወለቀ።

"ወይ አንተ ሰውዬ! ሞታም መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣታለህ?"

በሩን ደርግሞብኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሱቄን አልረገጠም።

እኔ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እፍ እላለሁ። በየቀኑ አንድ መስመር ተጨምሮ አገኛለሁ።

"ባርኒ፣ አንብብልኝ እንጂ።"

"ባርኒ፣ አለህ?"

ትናንት ደግሞ አንድ ቃል ብቻ...

"በረደኝ።"

ፍረዱብኝ። ቢላው እጄ ላይ እያለ አልቀደድኩም። ነገ ስሜን ባትጽፈውስ ብዬ ፈራሁ። ጨርሶ ከምታጣት እንዲህ ትለምንህ ብሎ ልቤ ጨከነ።

ዛሬ እፍ ማለት አላስፈለገኝም።

እጥፋቷ ከጫፏ ተቀድዳለች... ሁለት ጣት ያህል።

ቢላው ከመሳቢያው አልወጣም። የተቀደደው ጠርዝ ወደ ውጭ፣ ወደ እኔ ተገልብጧል።

ከውስጥ ነው የተቀደደው።

ይህን ጽፌ ቀና ስል... ሦስት ጣት ሆኗል።