የኡበይደላ አቤቱታ

ሐሙስ ማለዳ፣ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ውርጌሳ መግቢያ ላይ አንድ ሰው ከአስፋልቱ ጥግ ሞቶ ተገኘ። ሳጅን ሲሳይ ሟቹን ከሩቅ ለየው። መርሳ ውስጥ የገበሬዎችን የውሃ ሞተር የሚጠግነው ኡበይደላ ነበር። ሲሳይ በዐሥራ አራት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ብዙ አስከሬን አይቷል፤ የዚህን ሰው ፊት ግን ደፍሮ ማየት አቃተው።

ምርመራውን እንድትመራ ከወልድያ የተላከችው ኢንስፔክተር ቡርቱካን ነበረች። ንግግሯ አጭር፣ ዓይኗ የማይቸኩል፣ አርባን የተሻገረች ሴት ናት።

«መኪና ገጭቶት ይሆናል» አላት ሲሳይ።

«የተሰበረ መስታወት አየህ?»

«አላየሁም።»

«ደምስ?»

«ዝናቡ አጥቦት እንደሆነ።»

«ዝናቡ ያባራው ገና ሌሊቱ ሳይጋመስ ነው። የሰውየው ልብስ ግን ደረቅ ነው። ጫማውንም ተመልከት።»

የአስፋልቱ ጥግ ጭቃ ነበር፤ የኡበይደላን ጫማ ግን ጭቃ አልነካውም። በእግሩ አልመጣም። ማጅራቱ ላይ በከባድ ነገር ተመትቷል።

ቡርቱካን ከውስጥ ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ለወልድያ ፖሊስ የተጻፈ አቤቱታ ነው። ድምፅዋን ሳትለውጥ አነበበችው።

«የገበሬዎቹን ሞተር የሚሰርቀው እሱ ነው፣ ግብረ አበሮቹንም ለፖሊስ ሊያሳይ ተስማምቷል እየተባልሁ ነው። የሞተሮቹ ቁጥር በሞረድ እንደተፋቀ ተናግሯል ተብያለሁ፤ እኔ ግን የሰረቅሁትም የተናገርሁትም የለም። ወሬው ከፖሊስ ቤት ወጣ ይላሉ። ፖሊስ በሰው ላይ የሐሰት ወሬ እንዲያወራ ሕግ ይፈቅድለታልን? መልስ እሻለሁ።»

ሲሳይ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ወሬውን ያወራው እሱ ነበር።

አስከሬኑ ተመርምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ቆፍሮ የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውንም የሚያጽናናው ቅሬ የሚባለው ማኅበር ነው። ለኡበይደላ ግን ቅሬው አልወጣም፤ ሌባ ነው ተብሏልና። አራት ሰዎች ቀበሩት። ሲሳይ ከአጥር ማዶ ቆሞ አካፋውን ሲቀባበሉ አየ፤ ሄዶ ሊያግዛቸው ፈልጎ አልደፈረም።

ቡርቱካን የሟቹን ሚስት ዙልፋን በጥያቄ አላስጨነቀቻትም።

«ሲወጣ ወዴት እሄዳለሁ አለሽ?»

«ወልድያ። ሐሙስ ንጋት ሱብሂ ሰግዶ ወጣ። ሳልመለስ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር፤ ወላሂ ለእናቴም አልነገርሁ።»

ቡርቱካን ቀጥላ ሦስት ሰዎችን አነጋገረች። ሦስቱንም ፖሊስ በሞተሮቹ ስርቆት ሲጠረጥራቸው ቆይቷል። ሞተር የሚያከራየው ሙጃሂድ፣ «ውርጌሳ ምን ወሰደው? ወደ ደሴ ሊጠፋ ይሆናላ» አለ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው በያጁ ወርቁም እንደዚያው መሰለው፤ «ደሴ ዘመድ አለው ሲሉ እሰማለሁ» አለ። ሦስተኛው በአይሱዙ ሽንኩርት የሚያመላልሰው ጀብሪል ነበር።

«ታውቀው ነበር?» አለችው።

«ማን የማያውቀው አለ? የእኔንም ሞተር ሠርቶልኛል። አላህ ይዘንለት። ወልድያ ለመሄድ ሚኒባሱ ሞልቶ፣ በዚያ ማለዳ በእግሩ ምን አስኬደው?»

ቡርቱካን ጽፋ ደብተሯን ዘጋች።

ቅዳሜ የሐኪሙን ውጤት ከወልድያ ይዘው ሲመለሱ፣ ሲሪንቃን እንዳለፉ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆመች።

«የሞተሮቹ ቁጥር በሞረድ መፋቁን በምን አወቅን?»

«ከቁጥቋጦ ውስጥ ከተገኘው አንድ ሞተር ነው። ምስጢር ነው፤ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው ያለው።»

«ፋይሉን ማን ማን አየው?»

«እኔና አዛዤ።»

«አዛዥህ ወር ሙሉ ፈቃድ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ነገር የሻይ ቤት ወሬ ውስጥ እንዴት ገባ?»

ሲሳይ ሊዋሽ አሰበና ተወው።

«ሌባውን ላስደነግጠው ብዬ ነው» አለ። «አንዱ ሲደነግጥ ሞተሮቹን ያወጣቸዋል፣ ያን ጊዜ እይዘዋለሁ አልሁ።»

«ለምን ኡበይደላን መረጥህ?»

«ሞተር ስለሚጠግን ይታመናል ብዬ። ደግሞ ዝምተኛ ነው። የሚጮህለት ዘመድ የለውም።»

ይህን ከራሱ አፍ ሲሰማው አፈረ።

«ለማን ለማን ነገርህ?»

«ለሦስቱም፣ እሑድ ዕለት፣ ለየብቻቸው። የትኛው እንደሚነቃነቅ ለመለየት ቀኑን ለያየሁት። ለሙጃሂድ ሰኞ ሞተሮቹ የተደበቁበትን ቦታ ያሳየናል አልሁት፣ ለወርቁ ረቡዕ፣ ለጀብሪል ዓርብ። ወዲያው ከተማውን ሞላው፤ ቀኑን ግን የሚያወራ አልሰማሁም።»

«ሕግ ይፈቅድልኛል ብለህ ነው?»

«አልጠየቅሁም።»

«እሱ ግን ጠየቀ» አለች ቡርቱካን፤ መኪናውን አስነሥታም ወደ መርሳ ነዳች።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ዙልፋ ከፊት ተቀመጠች፤ ሦስቱ ሰዎች ከግድግዳው ሥር፤ የቅሬው ዳኛ ሼህ ሚስባህ ከአባሎቻቸው ጋር።

«ኡበይደላን መኪና አልገጨውም» ብላ ጀመረች ቡርቱካን። «ልብሱ ደርቆ፣ ጫማው ጭቃ ሳይነካው ነው የተገኘው። ሌላ ቦታ ተገድሎ ነው የተጣለው። ሊሄድ የነበረው ወደ ወልድያ ነው፤ የተገኘው ደግሞ በተቃራኒው፣ ውርጌሳ። እንግዲህ መኪና ያለው፣ እሱም አምኖት የሚሳፈርለት ሰው ነው የወሰደው። አስከሬኑ ውርጌሳ በመገኘቱ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሄድ ነው አለ። ወልድያ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጀብሪል፣ ማን ነገረህ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ» አለ ጀብሪል።

«ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም። አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ኡበይደላ ቦታውን ሊያሳይ ነው ተብሎ ለሙጃሂድ ሰኞ፣ ለወርቁ ረቡዕ ተነገራቸው። ሐሙስ ሲነጋ ሁለቱም ቀኖች አልፈዋል፤ ምንም አልሆነም። የሚፈራ ቢኖር እንኳ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቆታል። ዓርብ የተባለው ጀብሪል ግን አንድ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ኡበይደላ ሞተር እንደሠራለት ራሱ ነግሮኛል፤ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ቢሆን ነው ያውቃል ብሎ ያመነው። ሐሙስ ማለዳ ሰውየው ጀብሪል በር ላይ ቆሞ ወደ ወልድያ፣ ወደ ፖሊስ፣ አድርሰኝ አለው።»

አንድ ፖሊስ ገብቶ በጆሮዋ አንሾካሾከ።

«ሁለት ሞተሮች ከሽንኩርት መጋዘንህ ተገኝተዋል» አለች።

ጀብሪል እሷን አላያትም። ሲሳይን ነበር የሚያየው።

«ሊያሳያቸው ነው ያልኸኝ አንተ አይደለህ?» አለው ቀስ ብሎ።

ሼህ ሚስባህ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ምን እያለ ነው?»

ሲሳይ ቆመ። «እውነቱን ነው፣ አባባ። ኡበይደላ አልሰረቀም። ለፖሊስም የተናገረው የለም። ወሬውን ፈጥሬ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

«ፖሊስ ይጠይቃል፣ ይፈትሻል፣ ምስጢር ይጠብቃል» አለች ቡርቱካን። «የንጹሕን ሰው ስም እንዲያጎድፍ ግን ሕግ አልፈቀደለትም። የሟቹ አቤቱታ መልስ ይህ ነው። በሳጅን ሲሳይ ላይም ዛሬ ፋይል ተከፍቷል።»

ሼህ ሚስባህ ወደ ዙልፋ ዞሩ። «እኛም ሳንጠይቅ አምነን ወንድማችንን ሳንቀብር ቀርተናል። አውፍ በይን፣ ይቅር በይን። ነገ ቅሬው በሙሉ ቤትሽ ይመጣል።»

ዙልፋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሲሳይ ፊት መጥታ ቆመች። አንድ ነገር ሊላት ሞከረ።

«ለእኔ ተወው» አለችው። «ልጆቼ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄዱም። የሌባ ልጆች እያሏቸው። ሄደህ ለእነሱ ንገር።»

ቤቷ ድረስ ተከትሏት ሄደ። ሁለቱ ልጆች፣ ኢብቲሳምና ናጅዋ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲሳይ ኮፍያውን አውልቆ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ።

«አባታችሁ ሌባ አልነበረም» አላቸው።

«እሱንማ እናውቃለን» አለች ትልቋ ኢብቲሳም። «እንዲያ ያለው ማን ነው?»

ሲሳይ ዓይኗን እያየ ነገራት።