ጉድለቱን ንገረኝ

መካነ ሰላም ውስጥ ሁለት ሰው በፍቅር ላገናኝ ካልኩ የሚያቅተኝ የለም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ብተወውም የዓይን ነገር ማንም ሳያስተምረኝ አነባለሁ። እህቴን ሐረግንና የሶላሩን ይሄነውን ያገናኘኋቸው እኔ ብዙዬ ነኝ፤ በዚህ እጄ! እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሐረግ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። ሳሙና፣ ባትሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ትሸጣለች። ይሄነው ከኮምቦልቻ የመጣው በጥቅምት ነው። የሶላር ፓነል የሚገጣጥም ፋብሪካ ሊቋቋም ነው እያለ አክሲዮን ይሸጣል፤ በዚያውም የተበላሸ ሶላር ይጠግናል። ሞተሩን በሱቁ በር ላይ ሲያቆም ፊቱ አቧራ ለብሶ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ። ግን ምን ዓይነት ዓይኖች!

«እህት፣ አክሲዮን ትገዣለሽ?» አላት።

«የምን?»

«የፀሐይ።»

«ፀሐይማ በነፃ ትወጣልኛለች» አለችው።

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን የቆጠረችውን ሳሙና እንደገና መቁጠር ጀመረች። ያኔ ገባኝ።

«ይልቅ እኔ ልጠይቅህ» አለች። «ከዚህ እስከ እዚችው ማሻ ድረስ ስንት ቤት በኩራዝ እንደሚያመሽ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሳታውቅ ነው ፋብሪካ የምትሸጠው? የዛሬ ሦስት ዓመት በገበያ ቀን አሥር ሰው ጋዝ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ሁለት ቢሆን ነው። የቀሩት መብራት ነው የሚሉኝ፤ መብራት የገዛው ደግሞ በዓመቱ ለቴሌቪዥን የሚሆን ትልቅ ፓነል ይፈልጋል። ገበያው እዚህ ነው ያለው፤ አንተ ኮምቦልቻ ተቀምጠህ ትፈልገዋለህ።»

ይሄነው ደብተሩን አውጥቶ ያለችውን ጻፈ። ሴት የተናገረችውን የሚጽፍ ወንድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሐረግም አይታ አታውቅም መሰለኝ፤ ድምጿ ቀነሰ።

ከዚያ ለሥራ ወደ ኩታበር ሄዶ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሐረግ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በር ትዞራለች። አሳዘነችኝ። አንድ ጠዋት ከቤታችን ጣሪያ የሚወርደውን ሽቦ ጎትቼ ነቀልኩት። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። የእኔ ሥራ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።

ይሄነው ተጠርቶ መጣና ጠገነው። በሳምንቱ እንደገና ጠፋ። እንደገና መጣ። ለሦስተኛ ጊዜም ጠፋ። አንድ ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ! እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ለአንዲት ሽቦ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እሷ ከታች መሰላሉን ትይዛለች። አይነጋገሩም። እሱ ቁልቁል ሲያይ እሷ መሰላሉን ታያለች፤ እሷ ሽቅብ ስታይ እሱ ሽቦውን። አባዬ ብቻ ጉዳዩ ከራዲዮው ጋር ነበር። በዚያው ሰሞን ሹሹ ማለት ጀምሮበት ሁለቴ ባትሪ ቀየረለት።

በጥር ለሐረግ ዕቁብ ወጣላት፤ አርባ ሺህ ብር። ሁሉንም አክሲዮን ልግዛበት አለች። አባዬ፣ አቶ አራጌ፣ የከብት ነጋዴ ነው። ያልዳሰሰውን አይገዛም።

«ሰውየው እሁድ ይምጣ» አላት። «ከዋሸኝ ብርሽም አይሄድ፣ እሱም ዳግመኛ ደጄን አይረግጥ።»

አባዬ በሬ ሲገዛ ጥርስ ከማየቱ በፊት ሻጩን «ጉድለቱን ንገረኝ» ይለዋል። «ምንም የለበትም» ያለውን ጥሎት ይሄዳል። ይህን እኔና ሐረግ እናውቃለን፤ ይሄነው አያውቅም። ሹክ እንዳትለው አባዬ እሁድ ጠዋት ከጎኑ አስቀመጣት፤ እኔም በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ።

ይሄነው ገብቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ይኼ ፋብሪካ» አለው አባዬ፣ «ጉድለቱን ንገረኝ።»

ሐረግ እጄን ጨመቀችው፤ አጥንቴ እስኪሰማኝ። ይሄነው አያት።

«አለው ጋሼ» አለ። «መሬቱ ተገኝቷል፤ ማሽኑ ግን አልገባም። ዶላር ከታጣ ይዘገያል። ሦስት ዓመት ትርፍ የሚባል ነገር አይጠብቁ። የውጭው ፓነል ከረከሰ ደግሞ የእኛን ማን ይገዛል? እኔ ይሳካል ብዬ የራሴን አስገብቻለሁ። ሐረግ ግን ሁሉንም እንዳታስገባ። ግማሹ ይበቃል፤ በቀረው ሱቋን ታስፋበት።»

«ብዙ በገዛች ቁጥር ላንተ ኮሚሽን ይደርስህ የለ?»

«ይደርሰኛል።»

አባዬ ጺሙን ደባበሰ። «ያንተንስ ጉድለት?»

«የእኔን?»

«ያንተን። አንድ ሶላር ሦስቴ ሲጠገን እያየሁ ነው፤ ዕውር አይደለሁም።»

የይሄነው ግንባር በላብ ወረዛ። «ቤቴ ኪራይ ነው። ሞተሩ የድርጅቱ ነው። ስናደድ ቀኑን ሙሉ አልናገርም። ደግሞ...» ሐረግን አየ፤ ያን ቀን እንደ መሰላሉ ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም። «ደግሞ ከዚህ ቤት ወጥቼ ስሄድ መንገዱ እንቢ ይለኛል።»

ሐረግ መሬት መሬት አየች። ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም፤ ፈገግ አለ።

«አብሽር» አለ አባዬ። «በሠላሳ ዓመት ንግዴ እንዲህ ያለ ሻጭ ካንተ ጋር ሁለት ነው ያየሁ።»

ሐረግ በሃያ ሺሁ አክሲዮን ገዛች፤ በቀረው ሱቋን በፓነል ሞላችው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ መጣ፤ አባዬም እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እኔ ምስጢሬን መያዝ አቃተኝ።

«አመስግኑኝ እንጂ!» አልኩ። «ሽቦውን ባልነቅለው ኖሮ የት ትገናኙ ነበር?»

«የቱን ሽቦ?» አለች ሐረግ።

«በበሩ በኩል የሚወርደውን ነዋ።»

ሐረግ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሞኝ፣ የሶላሩን ሦስቴም የነቀልኩት እኔ ነኝ! እሱም ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። በበሩ በኩል የሚወርደው የአባዬ ራዲዮ አንቴና ነው።»

አባዬ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ስድስት ወር ሙሉ ዜና ያጣሁት ባንቺ ነው? ተነሺ፣ ውጪና ቀጥዪው!»