የሰርክአዲስ አረማመድ

ሰርክአዲስ ያንን ሳቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች። ዕቃ ስታጥብ ይመጣባታል፤ ደረጃ ስትወጣ ይመጣባታል። የሳቁት ሰዎች ረስተውታል። እሷ አልረሳችም።

ያሳቃቸው ሰው የአሠሪዋ የማዳም አባት ነው፤ ሚስተር ፔንዶክ ይሉታል። በአገሩ በእንግሊዝ አርባ ዓመት አስቂኝ ተዋናይ ነበር። ዋና ሰው ሆኖ ግን አያውቅም። አስተናጋጅ፣ ሰካራም፣ የሚወድቅ ፖሊስ፣ በቃ። አንድ ደቂቃ ወጥቶ፣ አዳራሹን አስቆ፣ ይገባል። በየታኅሣሡ ሳዑዲ፣ ኾበር፣ ልጁ ዘንድ ይመጣና ፈረንጆች በሚኖሩበት ግቢ አዳራሽ ከእነሱ ጋር ቲያትር ይሠራል።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ፣ ፓስፖርቷ ሃያ አምስት ቢልም፣ ሰርክአዲስ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ «እግርሽ ምን ሆኖ ነው?» አላት በለሰለሰ ድምፅ። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነገረችው። ቱቅባ ሰፈር፣ መጀመሪያ የገባችበት ቤት፣ ክፍል ቆልፈውባት በመስኮት ስትዘል ነው እግሯ የተሰበረው። ያስመጣት አሠሪ፣ ካፊሏ፣ «ጠፋችብኝ» ብሎ ሁሩብ አስመዘገበባት፤ ከዚያ ወዲህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም።

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «እስቲ ትሪውን ይዘሽ ሂጂ» አላት። ሄደች። «እንደገና።» ሄደች።

በሳምንቱ ሽርጥ አገልድሞ፣ ትሪ ይዞ፣ ልክ እንደ እሷ እያነከሰ መድረክ ላይ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማዳም ራሷ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ ኬሪያ በማግስቱ፣ «ወይኔ ሰርኬ! ሽማግሌው እግርሽን ሰርቆ ለንደን ሊሄድበት ነው!» አለቻት። የግቢው ሕፃናት እስካሁን እያነከሱ ይከተሏታል።

ዘንድሮ ሲመጣ አርጅቷል። ቃል ይጠፋበታል። ልጁ ብታውቅ መድረክ አታስወጣውምና ከእሷ ደበቀው፤ ለሰርክአዲስ ግን ነገራት።

«መጋረጃው ኋላ ቁሚልኝ። ስረሳ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

ሦስት ሳምንት ወጥ ቤት ውስጥ አለማመደችው። እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም፤ በጆሮዋ ግን ከእሱ የበለጠ ያዘችው።

በቲያትሩ ቀን ያችኑ ገረድ ሆኖ ወጣ። ያንኑ አነከሰ። ሰዉም ያንኑ ሳቀ። ከዚያ መሀል ላይ ቆመና ወደ መጋረጃው ዞረ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። አፏን ገጠመች።

የቲያትሩ አካል መስሏቸው ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ የሚስቀው አንድ ሁለት ሰው ብቻ ሆነ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ማዳም ወጥታ እንደ ሕፃን ክንዱን ይዛ አስገባችው።

ከመጋረጃው ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት። የፊቱ ቀለም በላብ ይወርዳል።

«ሰርኬ፣ አንቺም ጠፍቶብሽ ነው፣ አይደል?» አላት። ልመና ነበር። ማዳም አፍ አፏን ታያታለች።

«‹ማፊ እንግሊዝኛ፣ አላውቅም› በያቸው!» አለች ኬሪያ በአማርኛ፣ ከበሩ ሆና። «ካባረረችሽ በሩ ላይ የሚቀበልሽ ፖሊስ ነው!»

ሰርክአዲስ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አልጠፋብኝም፣ ሚስተር። አውቀው ነበር።»

ከዚያም እሱ የረሳውን፣ አንድም ቃል ሳታጎድል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችለትና ልብሷን ልትሰበስብ ሄደች።