ማቆያው የለመደው አፍ

የውብዳር ጠዋት ክሊኒኩን ስትከፍት የመጀመሪያ ሥራዋ ሌሊቱን የገባውን ደመና ጠርጎ ማስወጣት ነው። ላይኛው ባሌ ከተራሮቹ በላይ በገመድ ታስሮ የሚንሳፈፍ ከተማ ስለሆነ፣ መስኮቱ ሳይዘጋ ያደረ ቤት ሁሉ ደመና ያድርበታል። በሰፊ ማራገቢያ እያባበለች ወደ በሩ ትነዳዋለች፤ ግማሹ እሺ ብሎ ይወጣል፣ ግማሹ ወንበር ሥር ተሸጉጦ እስከ ረፋድ ይቆያል። ልጆች ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። አዋቂዎቹ ግን ጉልበታችንን ቆረጠመን እያሉ ያማርራሉ።

የውብዳር አላማጅ ናት። የጥርስ ሐኪሞቹ ሽቦውን ነቅለው የተስተካከለውን ጥርስ ያስረክቧታል፣ እሷ ደግሞ ልጆቹን ከማቆያው ጋር ታለማምዳለች። ማቆያ ማለት የድሮ ሰዎች ሪቴይነር ይሉት የነበረው፣ ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዝ ስስ ሽፋን ነው። የዛሬው ግን ነፍስ አለው። ከሐይቅ አረንጓዴ አልጌ የተራባ ስለሆነ ያረፈበትን አፍ በሙቀቱ ያውቃል፣ ሌሊት ሌሊት ቅርጹን ያጠናል፣ ያጠናውንም አጥብቆ ይይዛል። ሞቆት ያደረ እንደሆነ ጠዋት ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ያበራል።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይነጫነጫሉ። ምራቅ ይበዛባቸዋል፣ ምላሳቸው ይኮላተፋል፣ ምሳ ሰዓት ማቆያውን በሶፍት ይጠቀልሉትና ረስተው ከቆሻሻ ጋር ይጥሉታል። በኋላ ሁሉም ይለምዳል። ሐመልማል የምትባለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን የውብዳርን ግራ አጋባቻት። ማቆያዋ ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ያበራል፣ ጥርሶቿ ግን እየተንሸራተቱ ነው።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ።»

በሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል ክር የምታህል ክፍተት ነበረች።

«ሌሊት ታደርጊዋለሽ?»

«ማቆያውን ይጠይቁታ፣ እትዬ። አረንጓዴ ነው አይደል?» አለችና ሳቀች። ስትስቅ አፏን በግራ እጇ ጀርባ ትሸፍናለች። የውብዳር ሽቦውን ለመደበቅ የመጣ ልማድ ነው ብላ ታስብ ነበር፤ ሽቦው ከወጣ በኋላም እጁ አልቀረም።

ማቆያውን ተቀብላ ብርሃን ላይ ያዘችው። መሃሉ ላይ እሱም ራሱ ክፍተት ሠርቷል! ሕመምተኛ ማቆያ አይታ አታውቅምና ደነገጠች። በጣቷ ስትዳብሰው ነጭ ዱቄት ያዛት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጀሶ ነው።

ሽቦ የሚገባለት ልጅ ሁሉ ከሕክምናው በፊት ጥርሱ በጀሶ ይቀረጻል፣ ሽቦው ሲወጣም ቅርጹ ለማስታወሻ ይሰጠዋል። ነገሩ ሲገባት የውብዳር መቆጣት ፈለገች፣ ግን ሳቋ ቀደማት።

«አንቺ ልጅ! ማቆያውን ለጀሶው አልብሰሽ ነው የምታድሪው?»

ሐመልማል አንገቷን ደፋች። «በሙቅ ውሃ ከረጢት ጠቅልዬ አስተኛዋለሁ። ሙቀት ካገኘ አፍ ይመስለዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጀሶውን ሲለምድ ቀን ቀን እኔ አደርገዋለሁ። ፍንጭቴን ይመልስልኛል።»

ከዚያ በኋላ የመጣው እንባ ነበር። አባቷ ይልቃል የሳተርንን በረዶ ሊቆፍር ሲሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ርቀት ድምፅ እንጂ ምስል አይሻገርም። በእጁ ያለው አንድ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለችው ደግሞ ፍንጭቷን ከፍታ የምትስቅ ትንሽ ልጅ ናት።

«ሰው ሁሉ አባቷን ቁርጥ የሚለኝ በፍንጭቴ ነበር። ከነገ ወዲያ ይመጣል። ፍንጭቱ ተዘጋ፣ ድምፄም በዚህ ነገር ተኮላተፈ። ታዲያ በምን ይወቀኝ?»

የውብዳር ራሷም ፍንጭት ያላት ልጅ ስትደነቅ እየሰማች ስላደገች፣ ሞኝ ነሽ ብላ ልትገፋት አልቻለችም። ቢሆንም የልጅቷ መንጋጋ በንክሻው መዛባት ምን ያህል እንዳሠቃያት ታስታውሳለች።

«ጥርሶችሽ ከተመለሱ ሕመሙም ይመለሳል። አጥንቱ ሁለተኛ እሺ አይልም» አለቻት በቀስታ። «ማቆያው ጀሶውን እንዲረሳ ከዛሬ ጀምሮ ከአፍሽ መውጣት የለበትም። ስትበዪና ስታጥቢው ብቻ። እሱንም በቀዝቃዛ ውሃ።»

«አባቴ ሲመጣም?»

«ሲመጣም።»

ሐመልማል ማቆያውን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ አጠለቀችው። «እርስዎስ አብረውኝ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

ያን ዕለት ከወንበር ሥር የቀረውን ደመና ወደ መስኮቱ ስበው ንግግር ተለማመዱበት። ደመና ላይ ሲናገሩበት ይሰረጎዳል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ቀጭን መስመር ያሰምርበታል፣ የተኮላተፈው ይበትነዋል። ልጅቷ «ሰማይ» አለች፣ ደመናው ተበተነ። «ሰላም» አለች፣ ተበተነ። እንደገና አለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደመናው ላይ አንዲት የተንቀጠቀጠች መስመር ታየች፣ ሁለቱም ድምፃቸውን አጥፍተው እስክትጠፋ አዩዋት።

ከሳተርን የምትመለሰው መርከብ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ፋኖስ እየደበዘዘች ነው። ተሳፋሪዎቹ መሬት እንደ አዲስ የተሰጣቸው ይመስል እግራቸውን እየመረጡ ወረዱ። የሐመልማል እናት ስንዱ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ከሰዉ ጀርባ በእግር ጣቶቿ ቆማለች። ሐመልማል የሰዉን ሁሉ አፍ ታያለች፤ ፍንጭት ያለው አንድም የለም። አንድ ከሲታ ሽበታም ሰው ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ዓይኑን በሰዉ ላይ ያንከራትታል። ዓይኑ ሐመልማል ላይ ደረሰና አለፋት። የእሷም እሱን አለፈው። አብራት የቆመችው የውብዳር ምነው ማቆያውን አውልቂ ባልኳት ብላ ተጸጸተች።

በዚህ መሃል አንድ ባለጌ ደመና የአቀባበል ንግግር የሚያደርጉትን ሹም ኮፍያ ከራሳቸው ላይ አንስቶ ይዞት ሄደ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሐመልማልም ሳታስበው ሳቀች፤ የግራ እጇ ጀርባ ወደ አፏ ሄደ። ማዶ የቆመው ከሲታ ሰውዬም ይስቃል፣ በግራ እጁ ጀርባ አፉን ሸፍኖ።

ሁለቱ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ሐመልማል?» አለ ሰውየው። «ሽላም ነሽ የኔ ልጅ?»

ከከንፈሩ ሥር ስስ ማቆያ ብልጭ አለ። በመልስ ጉዞው በነበረው ረጅም እንቅልፍ ጥርሱ ቦታውን ስቶ ነበርና፣ ከዚያ በላይ እንዳይንሸራተት የመርከቧ ሐኪም ሲቀሰቅሰው ያጠለቀለት ነው። ፍንጭቱም እሱ ተኝቶ ሳለ ተዘግቷል። «ልጄ በምን ታውቀኛለች ብዬ ስሰጋ ነው የመጣሁት» አላት እንደ እሷው እየተኮላተፈ፣ ሐመልማልም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳቅና ለቅሶዋ ተደባለቀባት። ስንዱ ሁለቱንም ባንድ ላይ አቀፈቻቸው።

በማግስቱ አባትና ልጅ አብረው ክሊኒክ መጡ። ይልቃል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ እጁ ሲነሳበት አፈረ።

«ልጅ ሆኜ ፍንጭቴ ያሳፍረኝ ነበር፣ እትዬ። እሱን ለመደበቅ የጀመርኩት ነው። እሷ መቼ እንዳየችው እንጃ።»

ሐመልማል ግራ እጇን አገላብጣ አየችው፣ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ያገኘች ይመስል። የውብዳር የልጅቷን ማቆያ መዳፏ ላይ ይዛ ቆይታለች። ይህ ፍጡር ሙቀት ካገኘ ጀሶንም አፍ ነው ብሎ ያምናል፣ ቅርጽ ይሰጡታል፣ ቅርጹን ይይዛል። የሚደብቀው ፍንጭት ከሁለቱም አፍ ጠፍቶ ሳለ እጁን እዚያው ያቆየው ምን እንደሆነ ግን የትኛውም ሐኪም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

ማቆያውን ለልጅቷ መለሰችላትና የቀረውን ደመና ከወንበር ሥር ጠራች።

«በሉ ሁለታችሁም ወደ መስኮቱ» አለች። «ሰላም በሉ፣ ቀስ ብላችሁ።»