ሉሳካ የተመረጠች ጊዜ

ወይንሀረግ የሰው ቃል ስታስተረጉም ጨምራም ቀንሳም አታውቅም ነበር። በ1977 ዓ.ም. አንድ የአካባቢው አገሮች የልማት ባንክ ዓመታዊ ጉባኤውን የት እንደሚያደርግ ሊመርጥ ልዑካን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፣ መሥሪያ ቤቷ በፈረንሳይኛ አስተርጓሚነት ከአዘጋጅ ኮሚቴው ጋር መደባት። ተፎካካሪዋ ከተማ ሉሳካ ነበረች።

አዲስ አበባ እንድትመረጥ የሚቀርበውን ጥናት ያዘጋጀው የኮሚቴው አባል ዋቅሹማ የሚባል፣ ዳካር የተማረ ወጣት የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። ከሥራ ሲወጡ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ አብረው በእግር መሄድ ጀመሩ። ስለ ሆቴሎችና ስለ አዳራሾች እያወሩ ይነሡና ሰንጋ ተራ ሲደርሱ ወሬው ያልቅባቸዋል። ዝምታው ግን ከወሬው ይልቅ ይጥማት ነበር።

አባቷ አቶ ገብረጊዮርጊስ ዋቅሹማን አልወደዱትም። አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆሞ ስለ ረሃቡ በግልጽ ሲናገር ሰምተውታል። ታላቅ ወንድሟ ደጉ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። አስከሬኑ እንኳ አልተሰጣቸውም።

«አፉን የማይጠብቅ ሰው በዚህ በር አይግባ፤» አሏት። «ሁለተኛ ሐዘን የምሸከምበት ጀርባ የለኝም።»

ልዑካኑ ከተማዋን ጎብኝተው ለውይይት ተቀመጡ። ከኮሚቴው ጋር የፓርቲው ካድሬ ጓድ ሀብተ ማርያም ነበር፤ ፈረንሳይኛ አይሰማም። የልዑካኑ መሪ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ድንገት ወደ ዋቅሹማ ዞሩ። እንግዶቹና ጋዜጠኞቹ ወደፈለጉበት፣ ረሃብ ወዳለበትም ጭምር፣ መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁት።

ዋቅሹማ አስተርጓሚ አልጠበቀም። ድምፁን ሳያነሣ፣ በራሳቸው በፈረንሳይኛ፣ ያለ ፈቃድ ከከተማ መውጣት እንደማይቻል፣ ሰዓት እላፊም እንዳለ፣ እንግዳ ጠርቶ ማታለል ነውር ስለሆነ እንደማይዋሻቸው ነገራቸው።

ካድሬው ወደ ወይንሀረግ ዘንበል አለ። «ምን አላቸው?»

ዋቅሹማ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ አድኚኝ አላላትም፤ ተዪው፣ አትግቢበት የሚል ነበር የሚመስለው።

«መንግሥት ለእንግዶቹ የይለፍ ፈቃድ ይሰጣል፤ ምንም አይቸገሩም አለ፤» አለች።

ካድሬው በእርካታ ራሱን ነቀነቀ።

ያን ቀን ሲመለሱ ዋቅሹማ ተቆጣት። ለተናገረው ነገር ራሱ ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ግን ተጠያቂዎቹ ሁለት ሆኑ።

«ወንድሜን ሲወስዱት ዝም ብዬ አይቻለሁ፤» አለችው። «አንተን በገዛ አፌ አልሰጥም።»

እጇን ያዘ፤ ልደታ እስኪደርሱም አልለቀቃትም።

ክረምቱ ሲገባ ሉሳካ ተመረጠች። ምርጫው ላይ የነበረ ባለሥልጣን ተመልሶ፣ የባንኩ ሰዎች ስለ እንቅስቃሴ ክልከላው ከራሱ ከኮሚቴው አባል መስማታቸውን ተናገረ። ጓድ ሀብተ ማርያም ሌላ ሰው ከመጥራቱ በፊት ወይንሀረግን አስጠራ።

በሩ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ዋቅሹማ መጣ። ዞር ብሎም ሳያያት አልፏት ገባ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ የልዑካኑን መሪ ለብቻቸው ምሳ ላይ አግኝቼ ነው፣ አስተርጓሚዋ በቦታው አልነበረችም አለ። ከዚያው ከቢሮው ወሰዱት።

የታሰረበት ጊዜ ረዘመ። ወይንሀረግ እህል አልወርድ አላት። በመጨረሻ ባለሙያ ጠፍቶ ስለነበር ይሁን ወይም አማላጅ አግኝቶ አልታወቀም፣ አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ ተመድቦ እንዲሄድ ታዝዞ ተፈታ። ሲወጣ ያነክስ ነበር።

ያን ዕለት ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መዋሸቷንም ሳትደብቅ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ጠየቋት።

«ስምሽን አላነሣም?»

«አላነሣም።»

«ዱላ ላይም?»

«ዱላ ላይም፣ አባባ።»

ነጠላቸውን ለብሰው ወጡና ዋቅሹማ የተከራየባት ክፍል ድረስ ሄዱ። ልጃቸውን እንዲህ አድርጎ ያዳነ ሰው ቤታቸው ደጅ ላይ ሊቆም እንደማይገባው ነገሩት። «ሽማግሌ ላክ፤» አሉት። «ጊዜ የለም። ነገውኑ ላክ።»

ዋቅሹማ ግን ራሱ እንቢ አለ። አሶሳ ወባ አለ፤ እሱም ጥርስ የተነከሰበት ሰው ነው፤ ነገ ዳግም ቢወስዱት እሷን በማታውቀው አገር ሜዳ ላይ መጣል ይሆንበታል። አባቷን ተከትላ የመጣችው ወይንሀረግ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እስካሁን የሰው ቃል ስናገር ነው የኖርኩት፤» አለችው። «ይሄ የራሴ ነው። አብሬህ እሄዳለሁ።»

ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ። በማግስቱ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ መሣሪያ ያነገተ ወታደር ገብቶ የይለፍ ወረቀቱን ተቀበለው፤ አገላብጦም አየው።

«እሷስ ምንህ ናት?»

ዋቅሹማ በምርመራው ሁሉ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም ነበር።

«ባለቤቴ ናት፤» አለ፤ አሁን ግን ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ።

ወታደሩ እሱን አየው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ ያዞረችውን ወይንሀረግንም አየ። ወረቀቱን መለሰለትና፣ «እለፉ፤» አላቸው።