ሜዳውን የፈራው ሰው

የአብራሪው አስከሬን በክሊኒኩ ጓዳ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄሊኮፕተሩን ሊያሳርፍ፣ መሬት ለመንካት አሥር ሜትር ያህል ሲቀረው ማሽኑ በድንገት ቁልቁል ወረደ። ጅራቱ ተቀነጠሰ፣ በጎኑም ተጋደመ። አብሮት የነበረው የዋሻ ቆፋሪ ነፍሱ አለች፤ ነገር ግን ዳሌው ደቅቆ ውስጥ ውስጡን ይደማል። እስከ ማታ ሆስፒታል ካልደረሰ እሱንም ያው ጓዳ ይጠብቀዋል። መንገዱን ናዳ ስለ ዘጋው ዛሬም በዘጠኝ ሰዓት ሌላ ሄሊኮፕተር በዚያው ሜዳ ሊያርፍ ነው። ይህን የሰማ የዋሻ ቁፋሮው ካምፕ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ለማየት ፈርቷል።

አደጋውን እንድትመረምር የተላከችው መርማሪ ናዳውን በእግሯ ተሻግራ ረፋድ ላይ ደረሰች። አጠር ያለች፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ አንገቷ ላይ ስስ ሻርፕ ጣል አድርጋለች። እሷ እስክትደርስ ካምፑ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት። ጥበቃው ትልቅ አሞራ ገብቶበት ነው ይላል፤ አሞራውን ግን አላየም። አንዱ ሙቀቱ ነው አለ፣ ሌላው ነዳጁ ውስጥ ውኃ ገብቷል አለ፣ ሦስተኛው አብራሪውን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል ብሎ ማለ። ብስክሌት እንኳ ነድተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ክንፍ አሠራር ተከራክረው ሊደባደቡ ነበር።

ክርክሩን የዘጋው መካኒኩ ነው። ትናንት ገና ሳይመሽ ወደ ፖሊሱ ሄዶ «የጅራቱን ብሎን ሳላጠብቅ ረሳሁት፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። መካኒኩ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። እህቱ የካምፑ ነርስ ናት፤ ወሬው ሲደርሳት የቆፋሪውን ግሉኮስ እያስተካከለች ነበር። እጇን ሳታቋርጥ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለች። እሱም በካቴና ታስሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆለፈበት። መርማሪዋ ከፈረመች ነገ ወህኒ ይወርዳል።

የካምፑ አለቃ ቢሮውን ከፍቶ ተቀበላት። ቢሮው ለዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ተብሎ ሰሞኑን ቀለም ተቀብቷል፤ መስኮቱ ላይም አዲስ ብርቱካናማ መጋረጃ ተሰቅሏል።

«ሰውየው አምኗል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?» አላት።

«ቶሎ ያመነ ሰው ያስፈራኛል። ትናንት በዚያ ሰዓት ነፋስ ነበር?»

«ኧረ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ መጋረጃው ተነሥቶ ፊቱን አለበሰው። አለቃው እየተበሳጨ አወረደውና ቋጠረው፤ ወረቀቶቹም እንዳይበሩ ድንጋይ ጫነባቸው። መርማሪዋ የመጋረጃውን ጠርዝ አየት አድርጋ አመስግና ወጣች።

ሬዲዮኛውን በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ውኃ የያዘ ብርጭቆ እያነሣ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል።

«አብራሪው ‘ነፋሱ እንዴት ነው?’ አለኝ። በመስኮቱ አየሁ፤ ያ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ‘ነፋስ የለም’ አልኩት። ‘እንግዲያው ሳልዞር በአጭሩ እገባለሁ’ አለ። ሌላ ነገር አላለም።»

«ያ ጨርቅ» ያለው ማረፊያው ጥግ ረጅም ብረት ላይ የተሰቀለውን፣ እንደ ሸሚዝ እጅጌ የተሰፋውን ብርቱካናማ የነፋስ ማሳያ ነው። ነፋስ ሲኖር ተነፍቶ ይዘረጋል፣ ሳይኖር ይንጠለጠላል። አሮጌው ተቀዶ አዲሱ ከተሰቀለ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሱ ከተሰቀለ ወዲህ ያረፈውም የትናንቱ ሄሊኮፕተር ብቻ።

ወጥ ቤቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የራሷ አይለይም።

«ነፋሱማ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከገደሉ በኩል ይበረታል እኮ! ትናንት የድስት ክዳኔን ወስዶብኝ እስከ አጥሩ ሮጫለሁ።»

«ለምን ለማንም አልነገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ እትዬ? የጠየቁት ስለ አሞራ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ስብርባሪው ሄደች። ተንበርክካ የጅራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ብሎን እንዳይላላ መካኒኮች በቀጭን ሽቦ ጠምዝዘው ያስሩታል፤ ሽቦው ሳይበጠስ፣ አቧራ እንደ ለበሰ በቦታው ነበር። ከዚያ ዕቃ ግምጃ ቤቱን አስከፈተች።

መካኒኩ ከጎማዎች መካከል ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ስለ እኔ ተውት፤ እፈርማለሁ። ግን በእናትዎ፣ የዛሬው ሄሊኮፕተር እዚህ አይረፍ። ኳስ ሜዳው ይሻላል።»

«ኳስ ሜዳው ላይ የመብራት ሽቦ ያልፋል።»

«ቢሆንም! ሽቦውን ያስቆርጡት፣ ብቻ እዚህ አይረፍ!» ካቴናው እየተንቀጫቀጨ ነበር። መርማሪዋ ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። 

ስምንት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ማረፊያው ሜዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። አለቃው፣ ሬዲዮኛው፣ ወጥ ቤቷ፣ በካቴና የታሰረው መካኒክና ፖሊሱ መጡ። ነርሷም ወንድሟን ላለማየት ፊቷን አዙራ ቆመች።

«ከብሎኑ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «አላጠበቅሁትም የተባለው ብሎን ጥብቅ ነው፤ ሽቦውም አልተነካም። ስለዚህ ልጁ ዋሽቷል። ከወህኒ ለማምለጥ የሚዋሽ ሰው ሞልቷል። ወህኒ ለመግባት የሚዋሽ ግን የሚወደውን ሰው ሸሽጓል ማለት ነው።»

«እትዬ፣ በፈጠረዎት ይተዉት!» አለ መካኒኩ።

«አልተወውም፤ ጊዜ የለንም። ሁላችሁም ፈርታችኋል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ግን እያንዳንዱ ሰው ምን እንደ ፈራ ነው ያየሁት። ሬዲዮኛው የተናገረውን ፈርቷል። አለቃ መባረርን ፈርተዋል። ይሄ ልጅ የፈራው ሜዳውን ነው። ጥፋቱ የብሎን ቢሆን የዛሬው ሄሊኮፕተር የራሱ ብሎን አለው፤ ሜዳው ምን በደለ? ስለዚህ ገዳዩ ማሽኑ ውስጥ የለም፤ እዚሁ መሬት ላይ ነው፣ አሁንም አልተነሣም። እኛ ሞተር ስንፈታ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነበር።»

ሻርፗን ፈታ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ከገደሉ ወደ ተራራው ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። በላያቸው ግን ብርቱካናማው ጨርቅ ጫፉን ብቻ እየነቀነቀ ተንጠልጥሏል።

ሬዲዮኛው አፉን ያዘ። «ነፋስ የለም አልኩት…»

«ያየኸውን ነው የነገርከው። ሄሊኮፕተር አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሲያርፍ ነፋሱ ይደግፈዋል። አብራሪው ነፋስ የለም ብሎ በአጭሩ ሲገባ ግን ነፋሱ ከኋላው ነበር። ፍጥነቱን ሲቀንስ ድጋፍ አጣና ወደቀ።»

ፖሊሱ ጨርቁን አወረደው። መርማሪዋ ለሁሉም አሳየች፤ ድርብ የድንኳን ሸራ፣ ከላዩ ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ፣ እንደ ብርድ ልብስ የከበደ።

«የተሰፋው ቁስል በሚሰፋበት ክር ነው። ቋጠሮውም የነርስ ቋጠሮ ነው። ልጁ ትናንት ቀና ብሎ ሲያይ ይህንን አወቀ።»

ነርሷ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «ባሌን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«አይደለም! አይደለሽም!» ብሎ ወንድሟ ወደ እሷ ሲወረወር ፖሊሱ ያዘው።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። «ሸራውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«ስስ ጨርቅ ነበር የጠየቅሁት። ባሌም ስስ መሆን አለበት ብሎኝ ነበር። አለቃ ‘ከሄሊኮፕተር ድርጅቱ የሚላከው ጨርቅ ገና አልመጣም’ ብለው ሸራውን ሰጡኝ።»

«መጥቷል። ከናዳው በፊት በመኪና መጥቷል። አለቃ ቢሮ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ ላይ የሄሊኮፕተር ድርጅቱ ማኅተም አለ።»

ሁሉም ወደ አለቃው ዞሩ። አለቃው ከረባቱን ነካካ፣ ሳቅ ለማለት ሞከረና አቃተው።

«መጋረጃ ነው እኮ! ለእንግዶች ብዬ ነው! መጋረጃ ሰው ይገድላል?»

«ትናንት ማምሻውን ይህን ጥያቄ ራስዎን ጠይቀዋል። መልሱን ስላወቁ ነው ነፋስ የለም ያሉኝ። ይህ ልጅ በካቴና ታስሮ ሲለምነኝ፣ እርስዎ እጅዎ ተፈትቶ ዝም አሉ። ሌላ አብራሪ እየመጣ ዝም አሉ።»

 ፖሊሱ ካቴናውን ከመካኒኩ አውልቆ ለአለቃው አጠለቀለት።

ያን ጊዜ ከገደሉ ማዶ የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ተሰማ። ሬዲዮኛው ወደ ኮንቴይነሩ ሮጠ፤ «ነፋስ ከገደሉ በኩል፣ ኃይለኛ ነው! አጭሩን ተው፣ ዞረህ ግባ!» እያለ ሲጮህ ከሜዳው ይሰማል። ሄሊኮፕተሩ እንደ ትናንቱ በአጭሩ መንገድ መጣ። ወጥ ቤቷ ዓይኗን ጨፈነች። አናታቸው ላይ ሲደርስ ከፍ አለና በተራራው በኩል ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ ገደሉ አድርጎ በዝግታ ወረደ፣ አረፈም። 

ሞተሩ ጠፍቶ ቆፋሪውን በቃሬዛ ሲጭኑ ነርሷ ወንድሟ አጠገብ ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ባልሽን አጥተሻል። እጅሽን ደግሞ እንድትጠዪው አልፈለግሁም።»

 በሽተኛውን እስከ ሆስፒታል ይዛ መሄድ ያለባት እሷ ናት። ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄዳ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገችና መልሳ አወረደችው።

«እህቴ ፍጠኚ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት አዲሱ አብራሪ።

«ወንድሜን» አለች። «እሱ ሳያየው አልሳፈርም።»

መካኒኩ ካቴናው ያቀላውን እጁን በሱሪው ጠራርጎ ወደ ጅራቱ ሄደ።